ሞተሩ ሲጠፋ አውሮፕላኑ ይወድቃል?

ጎፋ የሚኖር ሰው የአውሮፕላን ድምፅ ብርቁ አይደለም። ወደ ቦሌ የሚወርዱት ከኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ በላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ፤ አሮጌው የልደታ ማረፊያም ሩቅ አይደለም። የአደጋ ወሬ ሲነሳ ሰፈሩ አስተያየት የማያጣው ለዚህ ይመስለኛል። አነስተኛ አውሮፕላን ሞተሩ ኃይል ሲያጣ ስለሚሆነው ነገር የሚባለው ግን አብዛኛው ልክ አይደለም።

«ሞተሩ ከጠፋ እንደ ድንጋይ ይወርዳል።» አይወርድም። አየር ላይ የሚይዘው ክንፉ ነው፤ ሞተሩ ወደፊት ይገፋዋል እንጂ አያንጠለጥለውም። ለሥልጠና የተለመደው ሴስና 172 ሞተሩ ቢቆም ለእያንዳንዱ ሜትር ዝቅታ ዘጠኝ ሜትር ያህል ወደፊት ይንሳፈፋል። ትልልቆቹ ከዚህም ይሻላሉ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው ቦይንግ 767 ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮቹ ሲቆሙ፣ ካፒቴን ልዑል አባተ እየተንሳፈፈ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕሩ ላይ አደረሰው። ከ175 ሰዎች 50ው ተረፉ።

«ከፍ ብሎ ነበር፤ ጊዜ ነበረው።» የከፍታ መለኪያው የሚቆጥረው ከባሕር ጠለል ነው። ጎፋ ራሷ 2,250 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አብራሪው 8,500 ጫማ ላይ ነኝ ቢል ሰሚው ይደነቃል፤ ከጣሪያዎቹ በላይ ያለው ግን ከ300 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህ ለሴስናው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ብዙ የማይዘል ጊዜ ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ ደግሞ ያለው ፎቅና የመብራት ሽቦ ነው።

የከተማዋ ከፍታ ሌላም መዘዝ አለው፤ ሰው እምብዛም የማያነሳው እሱን ነው። ቱርቦ የሌለው የፒስተን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3 በመቶ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ምንም ሳይበላሽ፣ አዲስ ከሳጥኑ የወጣ ቢሆን እንኳ፣ ሩብ የሚሆነው ጉልበቱ የለም ማለት ነው። ፀሐያማ ቀን ሲሆን አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፤ 25 ዲግሪ ሲሆን ቦሌ ላይ አውሮፕላኑ የሚሰማው ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ አየር ነው። ማኮብኮቢያው ያጥራል፣ ሽቅብ መውጣቱ ይዘገያል፤ ያለሞተር ሲያርፍም መሬት የሚነካበት ፍጥነት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በ12 በመቶና ከዚያም በላይ ይጨምራል።

በ1923 ዓ.ም. ከአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ትሪኒዳድ የተወለደው አብራሪ ሁበርት ጁልያን ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዷትን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ይዞ አዲስ አበባ ባሕር ዛፍ ላይ ተከሰከሰ። ተቺዎቹ አያውቅበትም አሉ፤ እሱ ሞተሩን ነካክተውብኛል አለ። ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። እኔ የማንም ጠበቃ አይደለሁም፤ ሦስተኛው ተከሳሽ፣ ማለትም አየሩ፣ ሳይጠየቅ መቅረቱ ግን ይገርመኛል። 100 ፈረስ ጉልበት የሚባለው ሞተር እዚህ ሲነሳ 75 ያህሉን ብቻ ይዞ ነው።

«ለምን ወደ ማኮብኮቢያው አልተመለሰም?» ከሁሉ ይልቅ ገዳዩ አስተሳሰብ ይህ ነው። መዞር ከፍታ ይበላል። በ45 ዲግሪ ያዘነበለ አውሮፕላን ክንፉ አየሩን የሚለቅበት ፍጥነት በ19 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ልክ በዚያ ሰዓት አብራሪው ፍጥነት እያጣ ነው። አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚወድቀው ያኔ ነው። አሠልጣኞች ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ ፊት ለፊት፣ ትንሽ ግራ ወይም ቀኝ ያለውን ክፍት ቦታ ምረጥ የሚሉት ለዚህ ነው። ሁለት ሞተርም ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም፤ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ አንድ ቦይንግ 737 ሲነሳ ሁለቱም ሞተሮቹ ርግቦች ዋጡ፤ ለመመለስ ሲዞር ኃይል አጥቶ በሆዱ አረፈ፣ በእሳትም ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35 ሞቱ።

«ሞተር ጠፋ ማለት ሞተር ተበላሸ ማለት ነው።» ብዙ ጊዜ ሞተሩ ደህና ነው። ነዳጅ አልቋል፣ ወይም አንዱ ታንክ ባዶ ሆኖ ሌላው አልተከፈተም፣ ወይም ውኃ ገብቶበታል። ካርቡሬተር ባለው ሞተር ደግሞ የክረምታችን አየር፣ እርጥበት ሞልቶት 15 ዲግሪ ሲሆን፣ ውስጡ በረዶ ይሠራል፤ የነዳጁ መትነን አየሩን በብዙ ዲግሪ ስለሚያቀዘቅዘው። አብራሪው የካርቡሬተሩን ማሞቂያ ቶሎ ካልሳበ ሞተሩ ይታፈናል። መርማሪው ሲደርስ በረዶው ቀልጧል፤ «ምንም ብልሽት አልተገኘም» የሚለው ሪፖርት የሚያናድደንም በዚህ የተነሳ ነው።

ስለዚህ ሰው ከተረፈ በኋላ ስብርባሪውን «መንገድ እንዳይዘጋ» ብሎ መጎተት፣ ማንሻዎቹን መነካካት አይገባም። የነዳጅ መክፈቻው ወደየትኛው ታንክ እንደዞረ፣ ማሞቂያው ተስቦ ወይም ተገፍቶ እንደነበር መርማሪው የሚያየው እዚያው ነው።