ዓይን ባይጨፈንም ይሆናል

መካኒሳ ውስጥ ሰው እያናገርን የምንውል የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ማይንድፉልነስ (ሐሳብን አሁን ባለው ነገር ላይ አድርጎ ማስተዋል) የሚባለውን ሕክምና መጽሐፉ እንደሚያዘው አንሰጥም። ይህን ከክፍላችን ውጭ ብዙ አናወራውም።

መጽሐፉ በዘቢብ ይጀምራል። ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሥልጠና ያወረሰን ልምምድ ነው። ታካሚው አንዲት ፍሬ ይይዛል፤ ያያታል፣ ያሸታታል፣ ቀስ ብሎ ያኝካታል። ሐሳቡ ሲነጉድ ደግሞ ራሱን ሳይቆጣ ወደ ፍሬዋ ይመልሰዋል። እኛ ዘቢቡን በገብስ ቆሎ ተካነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ብዙው ሰው እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምስምና ቆሎው በየእጁ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለጿሚ የምናስይዘው ጤና አዳም ነው፤ ማሽተት ጾም አያስፈታም።

ጸጥታም የለንም። ከታች የታክሲው ረዳት «ሳር ቤት፣ ሜክሲኮ!» ይላል፤ ወር በገባ በ5 ደግሞ የአቦ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ክፍሉን ይሞላዋል። አዲስ ባለሙያ ሲመጣ መስኮቱን ይዘጋል፤ የቆየነው እንከፍተዋለን። ታካሚው ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው ይኸው ጫጫታ ነዋ! ድምፁን ሰምቶ፣ አብሮት የሚመጣውን ንዴት አይቶ ወደ ትንፋሹ መመለስን ቢለምድ ይሻለዋል።

ዋናው ጉዳይ ግን ዓይን ነው። «ዓይንዎን ይጨፍኑ» ማለት ቀላል ነው። ጦርነት ወይም ድብደባ አሳልፎ ለመጣ ሰው ግን ሊረሳው የሚፈልገው ነገር የሚመጣበት ዓይኑን ሲከድን ነው፤ ላብ ያጠምቀዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንትም አይመጣም። ስለዚህ ዓይኑ ተከፍቶ፣ እግሩ ወለሉን ረግጦ እንጀምራለን። ለአንዳንዱ ትንፋሹን መከታተል ራሱ ደረቱን ያፍነዋል፤ ለእሱ የውስጥ እግሩን ማስተዋል ይበቃዋል።

«የቡድሃ ነገር አይደለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ በየቡድኑ ይነሳል። ምንጩ የቡድሂስቶች ተመስጦ መሆኑን እንናገራለን፤ ሕክምናው ውስጥ ግን ስግደትም ጸሎትም የለም። መቁጠሪያ የያዙ እናት ደግሞ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲሉ ሐሳባቸው ገበያ ደርሶ እንደሚመለስ ከእኛ በላይ ያውቁታል። አንድ ነው ግን አንላቸውም። እሳቸው አምላካቸውን ይለምናሉ፤ እኛ ጭንቀት ሲመጣ እንዳይጠልፋቸው እናለማምዳለን።

መጽሐፉ ቤት ውስጥ እንዲሠራ የሚያዘውን የ45 ደቂቃ ልምምድ ብዙው ሰው አይሠራም። ሰባት ሰው በሚያድርበት አንድ ክፍል ውስጥ ማን 45 ደቂቃ ብቻውን ይቀመጣል? ቡናው እስኪፈላ ድረስ ካስተዋለ ለእኛ በቂ ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ሥልጠና የሚሸጡ ሰዎች የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። ሲጋል፣ ዊሊያምስና ቲስዴል እ.ኤ.አ. በ2002 መጽሐፉን ያሳተሙለት የማይንድፉልነስ ሕክምና በተለይ የታሰበው ከድብርት ድኖ ሕመሙ እንዳያገረሽበት ለሚሰጋ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት 424 ሰዎችን ለ2 ዓመት ተከታትሏል። መድኃኒታቸውን በሐኪም ድጋፍ እየቀነሱ ይህን ሕክምና ከተማሩት 44 ከመቶው፣ መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት 47 ከመቶው አገረሸባቸው። ይህ ልዩነት ብልጫ አይባልም። ይህን ይዞ «ኪኒኑን ጣሉና ተንፍሱ» የሚል አሠልጣኝ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ቤታችሁ ውስጥ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ወይም ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ ሰው ካለ ወደ እኛ አታምጡት። ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ወይም ቅርባችሁ ወዳለ ሌላ ሆስፒታል ዛሬውኑ ውሰዱት፤ የእኛ ተራ ከዚያ በኋላ ነው።