አልማዝ ባለጭራ ከዳነ በኋላ የሚቀረው ሕመም

ቍስሉ ደርቋል፤ ቅርፊቱም ረግፏል፤ ጠያቂ ዘመድ ሁሉ «እንኳን እግዜር ማረህ» ብሎ ሄዷል። ሕመምተኛው ግን ሸሚዙ ጎኑን በነካው ቍጥር እንደ እሳት ይለበልበዋል። አልማዝ ባለጭራ ስሙ ጌጥ ይመስላል እንጂ ጠባዩ እንዲህ ነው።

በልጅነት ጉድፍ የያዘው ሰው ቢድንም፥ ቫይረሱ በአከርካሪው አጠገብ ባሉት የነርቭ ቋጠሮዎች ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም ሰውነት ሲደክም ይነሣና የአንዱን ነርቭ መንገድ ይዞ ወደ ቆዳ ይወጣል። ይህን አሳብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 አስፋፍቶ የጻፈው ኤድጋር ሆፕ ሲምፕሰን፥ በእንግሊዝ አገር በሲረንሴስተር ከተማ የሚሠራ የቤተ ሰብ ሐኪም ነበር። ቫይረሱ ያቈሰለው ነርቭ ቆዳው ከዳነም በኋላ የሐሰት ወሬ ወደ አንጎል መላኩን አይተውም። ሕመሙ ሦስት ወር ካለፈው ቆዳ መቀባት ብቻውን ብዙ አይረዳም።

ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች ማደንዘዣ መርፌ በነርቩ አጠገብ ይወጋሉ። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 የቀመመው ሊዶኬይን ወይም ዘመዱ ነው፤ ሶዲየም ወደ ነርቩ እንዳይገባ በሩን ስለሚዘጋ ወሬው መንገድ ላይ ይቀራል። የሚያስደንቀው፥ የማደንዘዣው ኀይል በሰዓቶች ውስጥ ሲያልቅ አንዳንዱ ሕመምተኛ ለቀናት፥ አልፎም ለሳምንታት ማረፉ ነው። ሌላው ደግሞ ምንም አያገኝም። ከጎድን አጥንት ሥር ሳንባ ቅርብ ስለ ሆነ፥ መርፌው ጥቂት ከዘለቀ ሳንባውን ይበሳል፤ የሠለጠነ እጅ ያሻዋል።

ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ የደረሰ ሰው አሲክሎቪር ይታዘዝለታል። ለዘገየው አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ይሰጠዋል፤ መርፌው አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ክኒኑ ሲያቅተው ነው።