ተፈትኖ ያልታጠቀው መድፍ፡ የ«ቢም» ፕሮጀክትና ለመንግሥት ግዥ ያስተላለፈው ትምህርት

አንድ የጦር መሣሪያ ከናሙና ደረጃ ሳያልፍ የሚቀርባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ በሙከራ ወቅት ብቁ ሆኖ አይገኝም፤ ሌላው ዋጋው ከገዥው አገር አቅም በላይ ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ ተሠርቶ እስኪያልቅ ዘመኑ ያልፍበታል። ደቡብ አፍሪካ ለውጭ ገበያ ባዘጋጀችው መድፍና ህንድ በሠራችው ታንክ ጥምረት የተገኘው «ቢም» የተባለው ተሽከርካሪ መድፍ ግን የቀረው ከእነዚህ በአንዱም ምክንያት አይደለም። ለዚህ ፕሮጀክት መቋረጥ ምክንያት የሆነው አምራቹ ኩባንያ በሌላ ዕቃ ሽያጭ ላይ ጉቦ ከፍሏል የሚል ጥርጣሬ ነበር።

ጉዳዩ በመጀመሪያ እይታ የወታደሮችና የመሐንዲሶች ብቻ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በግዥ፣ በኦዲትና በፀረ ሙስና ሥራ ላይ ለተሰማሩ የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች ሁሉ የሚነሳ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ በውስጡ ይዟል። ይኸውም በአቅራቢ ድርጅት ላይ የሙስና ጥርጣሬ ሲነሳ መንግሥት ርምጃውን እስከ ምን ወሰን፣ ለምን ያህል ጊዜ ሊወስድ ይገባል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

መድፉ ምን ዓይነት ነው?

ከባድ መድፎች በአጓጓዛቸው በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በከባድ መኪና የሚጎተተው ነው። ሁለተኛው በብረት ለበስ ተሽከርካሪ ላይ የተገጠመና በራሱ ሞተር የሚንቀሳቀሰው ነው። ተጎታች መድፍ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ከመኪናው ተፈትቶ፣ መሬት ላይ ተደላድሎ ለተኩስ እስኪዘጋጅ፣ ከተኩሱ በኋላም ተመልሶ እስኪነሳ ጊዜ ይወስዳል። የጠላት ራዳር የተተኮሰውን ጥይት ተከታትሎ የመድፉን ሥፍራ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊያውቅ በሚችልበት ዘመን ይህ መዘግየት የመድፈኞቹን ሕይወት የሚያስከፍል ነው። ተሽከርካሪ መድፍ በአንጻሩ ተኩሶ ወዲያውኑ ቦታ ይቀይራል፤ ባለሙያዎቹም በብረት ግድግዳ ይጠበቃሉ፤ ባለ ሰንሰለት ከሆነ ደግሞ በአሸዋማ ምድር ታንኮችን እየተከተለ መጓዝ ይችላል።

«ቢም» ባለ 155 ሚሊ ሜትር መድፍ ሲሆን፣ የአፈሙዙ ርዝመት 52 ካሊበር ነው። ይህ ማለት የመድፉ ቱቦ ርዝመት የአፉን ስፋት 52 ጊዜ ያህላል፤ በሜትር ሲሰላም 8 ሜትር ገደማ ይሆናል። ቱቦው በረዘመ መጠን ባሩዱ ጥይቱን የሚገፋበት ጊዜ ስለሚጨምር ጥይቱ በከፍተኛ ፍጥነት ወጥቶ ሩቅ ይሄዳል። ከጥይቱ ጀርባ ጋዝ እያመነጨ የአየር መጎተትን የሚቀንስ ክፍል ሲጨመርበት ደግሞ የዚህ ዓይነት መድፍ ርቀት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

በማዕቀብ ዘመን የተወለደ ቴክኖሎጂ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸጥታው ምክር ቤት በ1977 በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ አገዛዝ ላይ አስገዳጅ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጣለ። አገዛዙ በወቅቱ በአንጎላ ጦርነት ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ የነበሩት አሮጌ መድፎች በሶቪየት ኅብረት ሠራሽ መድፎች በርቀት ይበለጡ ነበር። በመሆኑም በትውልድ ካናዳዊ የሆነው የመድፍ ንድፍ ባለሙያ ጄራልድ ቡል ባፈለቀው ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ጂ-5 የተባለውን ተጎታች መድፍ፣ ቀጥሎም ባለ 6 ጎማውን ጂ-6 ተሽከርካሪ መድፍ ሠራ።

ማዕቀቡ በ1994 ሲነሳ በ1992 የተቋቋመው ዴኔል የተባለው የመንግሥት ኩባንያ ይህን ቴክኖሎጂ ለዓለም ገበያ ማቅረብ ጀመረ። ጂ-6ን የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና ኦማን ገዝተዋል። ሆኖም ባለ ጎማ መድፍ የማይስማማቸው፣ የራሳቸው ታንክ ያላቸው አገሮችም ነበሩ። ለእነዚህ ደንበኞች ሲባል በፕሪቶሪያ አቅራቢያ የሚገኘው የዴኔል የመድፍ ፋብሪካ ቲ-6 የተባለ ራሱን የቻለ የመድፍ ማማ አዘጋጀ። ገዥው አገር የታንኩን የላይኛው ክፍል አንስቶ በቦታው ቲ-6ን በመግጠም፣ አዲስ ተሽከርካሪ መግዛት ሳያስፈልገው የራሱን ተሽከርካሪ መድፍ እንዲያገኝ የታሰበ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ጦር ራሱ በጂ-6 ይጠቀም ስለነበር ቲ-6ን አልታጠቀም። የምርቱ ዕጣ ፈንታም በውጭ ገዥ ላይ የተንጠለጠለ ሆነ።

የወንድማማቾቹ ስም

ህንድ ለዚህ ምርት ተስማሚ ደንበኛ ነበረች። በ1946 ከአፓርታይድ መሥራቾች አገር ጋር የንግድ ግንኙነቷን ያቋረጠችው ህንድ፣ በ1993 ከደቡብ አፍሪካ ጋር ግንኙነቷን አድሳለች። ከፓኪስታን ጋር በሚያዋስናት የራጃስታን በረሃ የሚሰማሩ የታንክ ክፍሎቿን ተከትሎ የሚጓዝ ዘመናዊ መድፍ አልነበራትም። በእጇ የነበረው ቪጃያንታ በተባለው አሮጌ ታንክ አካል ላይ የሶቪየት ሠራሽ 130 ሚሊ ሜትር መድፍ በመጫን የተሠራው «ካታፑልት» ነበር።

ቲ-6 በመጀመሪያ በሶቪየት ሠራሹ ቲ-72 ታንክ ሻሲ ላይ ተሞከረ። ቀጥሎም በቼናይ አቅራቢያ በአቫዲ በሚገኘው የምርምር ተቋም በተነደፈው «አርጁን» ታንክ ሻሲ ላይ ተገጠመ። አርጁን ወደ 58 ቶን የሚመዝንና በ1,400 የፈረስ ጉልበት ሞተር የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ ክብደቱ የረጅሙን መድፍ የተኩስ ግፊት ለመሸከም ያመቸዋል። ለህንድ ተጨማሪ ጥቅም ነበረው። የአርጁን ታንክ ፕሮጀክት በ1974 ተፈቅዶ ለረጅም ዓመታት የተጓተተ ሲሆን፣ ጦሩ በ2000 ያዘዘው 124 ታንኮችን ብቻ ነበር። ሻሲው ለመድፍም ከዋለ የፋብሪካው ሥራ ይሰፋል፣ የአንዱም ዋጋ ይቀንሳል ተብሎ ይታሰብ ነበር።

መድፉም «ቢም» ተብሎ ተሰየመ። በማሃባራታ የጥንት ታሪክ ውስጥ ቢማ በጉልበቱ የታወቀ፣ የቀስተኛው የአርጁና ወንድም ነው። ሁለቱን ክፍሎች አገጣጥሞ የማምረቱ ሥራ ለባራት ኧርዝ ሙቨርስ፣ ማለትም ለህንድ መንግሥት የከባድ ማሽነሪ ኩባንያ እንዲሰጥ ታቀደ።

የቦፎርስ ጥላ

ቀጥሎ የሆነውን ለመረዳት ወደ 1986 መመለስ ያስፈልጋል። ህንድ በዚያ ዓመት ቦፎርስ ከተባለው የስዊድን ኩባንያ 410 ተጎታች ባለ 155 ሚሊ ሜትር መድፎችን ለመግዛት ወደ 14.4 ቢሊዮን ሩፒ የሚገመት ውል ፈረመች። በሚያዝያ 1987 የስዊድን ሬዲዮ ኩባንያው ውሉን ለማግኘት ለህንድ ባለሥልጣናትና ደላሎች ጉቦ ከፍሏል ሲል ዘገበ። የጠቅላይ ሚኒስትር ራጂቭ ጋንዲ ፓርቲ በ1989 ምርጫ ሥልጣን እንዲያጣ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ቅሌት ነበር። በ1991 በተገደሉት ጠቅላይ ሚኒስትር ላይ ይቀርብ የነበረውን የጉቦ ውንጀላ የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2004 ነው።

የመድፉ ብቃት ግን ለክርክር አልቀረበም። በ1999 ከፓኪስታን ጋር በካርጊል ተራሮች በተካሄደው ውጊያ ከሁሉ ይበልጥ የተመሰገነው መሣሪያ ያው የቦፎርስ መድፍ ነበር። በዚያው ዓመት ጦሩ መድፎቹን በሙሉ ለማደስ የረጅም ጊዜ ዕቅድ አወጣ። ይሁንና ከቦፎርስ በኋላ የመድፍ ግዥ ሰነድ ላይ መፈረም ለማንኛውም ሹም የሚያስፈራ ጉዳይ ሆኖ ነበር።

የ2005 ውሳኔ

የቢም ግዥ በድርድር ላይ እያለ፣ ዴኔል ረጅም ርቀት የሚመቱ ከባድ ጠመንጃዎችን ለህንድ ለመሸጥ በደላላ በኩል ሕገ ወጥ ክፍያ ፈጽሟል የሚል መረጃ ይፋ ሆነ። የህንድ መንግሥት በ2005 ጉዳዩ በማዕከላዊ የምርመራ ቢሮ እንዲጣራ ከማድረጉም በላይ ከኩባንያው ጋር የነበረውን ግንኙነት በሙሉ አቋረጠ። ጥርጣሬው የተነሳው በጠመንጃው ግዥ ላይ ቢሆንም፣ ርምጃው ኩባንያውን በጠቅላላ የሚመለከት ስለነበር የቢም ፕሮጀክትም አብሮ ቆመ።

ቢም ብቻውን አልነበረም። በቢሃር ግዛት በናላንዳ የመሠረት ድንጋዩ በ1999 የተቀመጠው የመድፍ ባሩድ ፋብሪካ የሚገነባው በዴኔል ቴክኖሎጂ ነበርና ሥራው ተስተጓጎለ። በምትኩ የተመረጠው የእስራኤል ኩባንያም በ2012 ከሌሎች 5 ድርጅቶች ጋር ለ10 ዓመታት ጥቁር መዝገብ ውስጥ በመግባቱ ፋብሪካው ለሁለተኛ ጊዜ አጋር አጣ።

በዴኔል ላይ የተካሄደው ምርመራ ለዓመታት ከቆየ በኋላ፣ በ2013 ለክስ የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ ተዘጋ። በዚህ ጊዜ ግን ጦሩ ሌላ አቅራቢ መፈለግ ጀምሮ ነበር። ከሩሲያ ተወዳዳሪ ጋር በበረሃ የተፈተነው የደቡብ ኮሪያው ኬ-9 መድፍ ተመረጠ። ላርሰን ኤንድ ቱብሮ የተባለው የህንድ የግል ኩባንያ «ቫጅራ» በሚል ስም 100 መድፎችን ለመሥራት በ2017 የ45 ቢሊዮን ሩፒ ውል ፈረመ፤ መቶኛውንም በየካቲት 2021 አስረከበ። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ተጨማሪ 100 መድፎች ከ76 ቢሊዮን ሩፒ በላይ በሆነ ዋጋ ታዝዘዋል። ስለሆነም ቢም ከቆመበት ጊዜ አንስቶ የምትኩ ውል እስኪፈረም 12 ዓመታት አልፈዋል።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

በ2005 የተላለፈው ውሳኔ መሠረት የለሽ ነበር ማለት አይቻልም። ጉቦ የገባበት ግዥ የሕዝብን ገንዘብ ከማባከኑም በላይ በመንግሥት ላይ ያለውን አመኔታ ይሸረሽራል። በቦፎርስ ጉዳይ የደረሰውን ያየ መንግሥት ፈጣን ርምጃ መውሰዱ የሚጠበቅ ነው። ጥያቄው የሚነሳው በርምጃው አፈጻጸም ላይ ነው።

የመጀመሪያው የወሰን ጉዳይ ነው። በአንድ ውል ላይ የተነሳ ጥርጣሬ ያንን ውልና በውስጡ የተሳተፉትን ግለሰቦች በጥብቅ ለመመርመር በቂ ምክንያት ነው። ሌሎች ውሎችን ሁሉ ያለ ልዩነት ማቋረጥ ግን ቅጣቱን ከአጥፊው አልፎ በገዥው ተቋም ላይ ያሳርፋል። ቢም በመቆሙ ዴኔል ትልቅ ገበያ አጥቷል፤ የህንድ መድፈኛም ለበረሃው ግንባር የሚሆነውን መሣሪያ ለ12 ዓመታት አጥቷል።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ማብቂያው ያልተወሰነ ምርመራ ጥፋተኛውንም ንጹሑንም በእኩል ያንጠለጥላል። ጥፋት ካለ ፈጥኖ መቅጣት፣ ከሌለም ፈጥኖ ማሰናበት ለፀረ ሙስና ትግሉ ራሱ ክብር ይሰጠዋል።

ሦስተኛው የአማራጭ ጉዳይ ነው። ቢም በአንድ የውጭ አቅራቢ ማማ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ አቅራቢው ሲወጣ አርጁን ሻሲ ያለ መድፍ ቀረ። በአንጻሩ ከቦፎርስ ውል ጋር የተገኙት የንድፍ ሰነዶች በመንግሥት ፋብሪካዎች እጅ ቆይተው ነበር። ህንድ እነዚህን ሰነዶች መሠረት አድርጋ «ዳኑሽ» የተባለውን ተጎታች መድፍ በጀባልፑር ፋብሪካ ሠርታ የመጀመሪያዎቹን ለጦሩ ያስረከበችው በ2019 ነው። የውል አካል ሆኖ የገባ ሰነድና ዕውቀት ሻጩ ቢሄድም እንደሚቀር ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

የህንድ መከላከያ ሚኒስቴር በኅዳር 2016 ከድርጅቶች ጋር በሚደረግ የሥራ ግንኙነት ቅጣት የሚጣልበትን መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው ለእገዳና ለክልከላ የሚያበቁ ምክንያቶችን፣ የጊዜ ገደባቸውንና የአገር ደኅንነት ግድ ሲል ግዥ በልዩ ሁኔታ የሚቀጥልበትን መንገድ ለይቶ አስቀምጧል። በጅምላ ጥቁር መዝገብ ውስጥ የማስገባቱ አሠራርም በዚሁ ተቃንቷል።

የቢም ናሙና በተኩስ መስክ ብቃቱን ለማሳየት ዕድል ቢያገኝም፣ በመድፈኛ ክፍል ውስጥ አላገለገለም። በግዥ ኮሚቴ ውስጥ የሚቀመጥ እያንዳንዱ ኃላፊ ግን ከታሪኩ የሚወስደው ጥንቃቄ አለ። ሙስናን ለመከላከል የሚወጣ ደንብ አጥፊውን ለይቶ የሚይዝ፣ ጊዜውን የሚወስንና የተቋሙን ሥራ የማያስተጓጉል ሆኖ መዘጋጀት ያለበት ቅሌት ከመከሰቱ በፊት ነው።