የመውጫ ቀን

አንድ አልበም ሲመሰገን ዘፋኙ፣ የግጥምና ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪው ሁሉም በየስማቸው ይጠራሉ። አልበሙ የወጣበትን ቀን ግን እንደ ሥራ የሚቆጥረው የለም። ለእኔ የመውጫ ቀን መምረጥና ማስከበር ከቅንብር የማያንስ ሙያ ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ጊዜ በደንብ ያልተሠራውም እሱ ነው።

የመውጫ ቀን ማለት አልበሙ ለሽያጭ የሚቀርብበት፣ ከዚያ በፊት ግን ማንም እንዳይሸጠው ስምምነት የተደረሰበት ዕለት ነው። ይህ ለማንም አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆነው ዕለቱ የተፈለገው ለድግስ ብቻ ሳይሆን ሌባን ለመቅደም መሆኑ ነው።

እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ የዓለም ሙዚቃ ነጋዴዎች የጋራ ቀን አልነበራቸውም። አውስትራሊያና ጀርመን አርብ ያወጡ ነበር፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሰኞ፣ አሜሪካ ማክሰኞ፣ ጃፓን ረቡዕ። ሸክላና ካሴት በመርከብና በአውሮፕላን በሚጓጓዝበት ዘመን ልዩነቱ ማንንም አላስጨነቀም። ኢንተርኔት ሲመጣ ግን አርብ ሲድኒ ላይ የተሸጠ ሲዲ በዚያው ቀን ኒውዮርክ ይሰማ ጀመር፤ የኒውዮርክ ሱቅ ዕቃውን የሚያወጣው ግን ማክሰኞ ነበር። ገንዘቡን ይዞ የቆመ አድናቂ ከአራት ቀን በላይ ጠብቅ ተባለ። ሰው ደግሞ ዘፈኑ ጎረቤት ቤት እየተሰማ አይጠብቅም።

ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የፎኖግራፍ ኢንዱስትሪ ፌዴሬሽን (አይኤፍፒአይ) የካቲት 19 ቀን 2007 ውሳኔውን አሳውቆ፣ ከሐምሌ 3 ቀን 2007 (እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 2015) ጀምሮ ከ45 በላይ በሆኑ አገሮች አዲስ አልበም አርብ እንዲወጣ ያደረገው። ሁሉም ደስ አላለውም። የእንግሊዙ ሙዚቃ አሳታሚ የቤጋርስ ግሩፕ ባለቤት ማርቲን ሚልስ፣ የትንንሾቹን አሳታሚዎች ጥቅም የሚጎዳ ነው ብሎ በግልጽ ተቃውሟል። ቢሆንም አርብ ጸና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። «ዓለም አቀፍ የመውጫ ቀን» ሲባል መላው ዓለም በአንድ ቅጽበት ቁልፍ የሚጫን ይመስለዋል። አይደለም። ደንቡ እያንዳንዱ አገር በራሱ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ አለፍ ሲል እንዲያወጣ ነው። በሐምሌ ወር ኒውዚላንድ ውስጥ አርብ ሲጀምር እኛ ጋ ገና ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። አዲስ አበባና የፎገራዋ ወረታ አርብ የሚገቡት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ዋሽንግተን በዚያ ሰዓት ሐሙስ አመሻሽ ላይ ናት። ሃዋይ አርብ እስኪገባ ደግሞ እዚህ የአርብ ምሳ ሰዓት አልፏል። ስለዚህ የአርብ አልበም ምድርን ለመዞር አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ቀድሞ ግን አራትና አምስት ቀን ነበር። ትርፉም ይኸው ነው። ክፍተቱ አልጠፋም፣ ጠበበ። ሌባ የሚኖረው በክፍተቱ ውስጥ ስለሆነ የእሱም መኖሪያ አብሮ ጠበበ። የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ፎገራ ሜዳ ላይ ውሃው የሚገባው ክትሩ በሳሳበት በኩል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም።

አሜሪካኖች ማክሰኞን የመረጡበት ምክንያትም ይገርመኛል። መውጫው ሰኞ በነበረ ጊዜ ዕቃ ቀድሞ የደረሰው ሱቅ ጠዋት ይሸጥ ነበር፣ የራቀው ገና ጭነቱን ይጠብቅ ነበር። ማክሰኞ ይሁን ሲባል ግን ሰኞ ለሁሉም የማድረሻ ቀን ሆነ። ቀኑ የተቆረጠው ራቅ ያለውን ሱቅ አስቦ ነው። ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ኒውዮርክ ሳይሆን ወረታ ነው።

ወረታ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ያልፍባታል፤ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ ደግሞ ከእሷ ይገነጠላል። በካሴት ዘመን አዲስ አልበም መርካቶ ላይ «ወጣ» ሲባል ለአዲስ አበባ ነው የወጣው። ዕቃው ለባሕር ዳር አከፋፋይ ይላካል፤ አውቶቡሱ አባይን ተሻግሮ መንገድ ላይ ያድራል፤ ባሕር ዳር ድርሻዋን ታነሳለች፤ የተረፈው ወደ ወረታ ይመጣል። በዚያው አውቶቡስ የመጣ አንድ ተማሪ ግን ካሴቱን ኪሱ ይዞት ይወርዳል። ማታውን ባለሁለት ካሴት ቴፕ ተከፍቶ አንዱ ይጫወታል፣ ሌላው ይቀዳል። በማግሥቱ ቅጂው ወደ ደብረ ታቦርም ወደ አዲስ ዘመንም መኪና ይሳፈራል። መገንጠያ ከተማ መሆን ለሩዝ ንግድ ጥሩ ነው፤ ለቅጂም እንደዚያው።

በዚያ ዘመን ካሴት ይሸጡ የነበሩ አንድ አዛውንት መናኸሪያው አካባቢ አግኝቼ፣ «ጋሼ፣ ዋናውን ለምን አይሸጡም ነበር?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ዋናው እኔ ጋ ሲደርስ አገሩ ሁሉ ዘፈኑን ሸምድዶታል። ለማን ልሽጠው?» አሉኝ።

የሰውየውን መልስ ለስንፍና ማመካኛ አድርገው የሚወስዱ አሉ። እኔ ስለ መውጫ ቀን ከሰማሁት ትንታኔ ሁሉ የተሻለው ይህ ነው።

ዋናውን ከቅጂ መለየት ለሚፈልግ ዘዴ ጠፍቶ አያውቅም። ካሴት ከጀርባው በኩል በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። ሙዚቃ ቤት ያሳተመው ካሴት ጥርሶቹ የሉም፣ እላዩ ላይ ሌላ እንዳይቀዳበት። ባዶ ካሴት ላይ የተቀዳው ግን ጥርሱ ሙሉ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ወረቀት የተወተፈበት ካየህ ደግሞ የሌላ ዘፋኝ ዋና ካሴት ላይ ተደርቦ የተቀዳ ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ተዘርፏል ማለት ነው። ገዢው አንዴ ገልበጥ አድርጎ ቢያይ ይበቃው ነበር። አያይም። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ ግራፍ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ መሆኑንም እያየ ይገዛ ነበር።

ሕጉ ዘግይቶ ነው የመጣው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ደራሲነት መብት ጥቂት አንቀጾች ነበሩት፤ ለካሴት ገበያ ግን አልበቁም። ነገሩ ሲመር ዘፋኞችና ሙዚቃ ቤቶች አዲስ ሥራ አናወጣም ብለው እስከ ማደም ደርሰዋል። ከዚያ በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሻለ። የ1996ቱ አዋጅ ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል ይላል። ከባድ ነው፤ ግን ሕግ የሚደርሰው ከተሰረቀ በኋላ ነው። የመውጫ ቀን የሚሠራው ከመሰረቁ በፊት ነው።

የእኛ ዘፋኞች የቀን ጥበብ የላቸውም እያልኩ አይደለም። ከ55 ቀን ሁዳዴ በኋላ ጆሮ ሙዚቃ ሲናፍቅ፣ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ፣ ፋሲካን የመረጠ ሰው ገበያ ያውቃል። የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» በ2004 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ነው የወጣው። «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበሙ ደግሞ ፋሲካን አሳልፎ ሚያዝያ 24 ቀን 2009 ወጣ፤ ዕለቱ አርብ አይደለም፣ ማክሰኞ ነበር። ግን በአዲስ አበባ ያለውም በዋሽንግተን ያለውም በአንድ ሰሞን ገዛ፤ አልበሙም በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ሰንጠረዡ የሚቆጥረው በሳምንት ነው። ተበታትኖ ቢወጣ ኖሮ ያው ሽያጭ ለብዙ ሳምንት ተከፋፍሎ አንደኝነቱ ይቀር ነበር። አንድ ቀን ያለው ጉልበት እዚህ ላይ ይታያል።

ለፎገራ ግን ፋሲካ ከሁሉ የተሻለ ቀን ነው ብዬ አላምንም። ሩዝ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ገበሬው እጁ ላይ ብር የሚይዘው፣ ሠርግም የሚደራው ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ መያዣ ነው። የሠርግ ዘፈን ለዚያ ሰሞን ያላደረሰ አሳታሚ የሜዳውን ገበያ ቅጂ በፍላሽ እየጫነ ለሚሸጥ ሰው አስረክቧል።

ወቀሳዬን ከዘፋኞቹ ልጀምር። «ለፋሲካ ይወጣል» ብሎ ለእንቁጣጣሽ፣ ከዚያ ለገና ማሻገር ልማድ ሆኗል። የተዘዋወረ ቀን ጉጉትን ይቀሰቅስና ዕቃ ይነፍጋል፤ የተራበ ጆሮ ደግሞ ያገኘውን ይሰማል። ሁለተኛው ወቀሳ ለስቱዲዮ ጓደኞች ነው። «አንተ ብቻ ስማው» ተብሎ በቴሌግራም የተላከ ዘፈን አንድ ሰው ብቻ ሰምቶት አያውቅም። ለዚህ የመውጫ ቀንም መድኃኒት የለውም። አይስላንዳዊቷ ዘፋኝ ብዮርክ በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ አልበሟ ሾልኮ ሲወጣባት፣ ለመጋቢት የታሰበውን በቀናት ውስጥ ለሽያጭ አቀረበችው። ቀኑ ሲሰበር አዲሱ ቀን ዛሬ ነው፤ ትክክለኛው እርምጃ ይኸው ነው። ሦስተኛው ወቀሳ ወረታ አስፋልት ዳር ሜሞሪ ለሚያስጭነው ወዳጄ ነው። ለጫኚው ከፍለሃል፤ ለዘፋኟ ግን ምንም አልደረሳትም።

ዛሬ አውቶቡስ ጠብቁ የሚባል ሰው መኖር አልነበረበትም። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስ ያሉበት ቡድን የአውታርን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ አስጀመረ፤ ሰዋስውም ተከተለ። እንደነዚህ ባሉ መተግበሪያዎች በኩል ወረታም ቦሌም እኩል መስማት ይችላሉ፣ መስመሩ እስካለ ድረስ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ነገሩ ወደ ካሴት ዘመን ተመለሰ። ለረጅም ወራት አዲስ ዘፈን ወረታ የሚደርሰው ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው ፍላሽ ነበር። ሊከፍል የሚፈልገውም መክፈያ አልነበረውም። እንዲህ ያለውን ሰው ሌባ ብሎ መስደብ ቀላል ነው፤ ክፍተቱን የከፈተው ግን እሱ አይደለም።

ስለዚህ አልበም ለምታወጡ ሁሉ የምለው አጭር ነው። ቀን ቁረጡ፤ የቆረጣችሁትን አታዘዋውሩ። ቀኑን ስትቆርጡም ከመርካቶ ሳይሆን ከሩቁ ከተማ ተነሥታችሁ ቁጠሩ። ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ዋናውን ቅጂ በሜሞሪ የሚሸጥለት አንድ ሕጋዊ ሻጭ በየመናኸሪያው ይኑራችሁ። አድማጭም ብትሆን የምትወደውን አልበም በወጣበት ቀን ግዛ፤ ዘፋኙ ቀጣዩን መሥራት አለመሥራቱን የሚወስነው ያን ሰሞን ባገኘው ገንዘብ ነው።