የፓልሚራው ሣጥን

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 1974፣ ረቡዕ ዕለት፣ ሃዋይ የሚኖር አንድ የአማተር ሬዲዮ ባለሙያ በቀጠሮው ሰዓት መሣሪያውን ከፍቶ መጣራት ጀመረ። የሚጣራው 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ርቀው፣ ፓልሚራ በምትባል ሰው አልባ ደሴት ላይ የሸራ ጀልባቸውን አስረው የተቀመጡትን ወዳጆቹን፣ ባልና ሚስትን ነው። ባልየው ቀጠሮ የሚያከብር ሰው ነበር። ከሳምንት በፊት፣ ኦገስት 28፣ ተነጋግረዋል። በዚህ ረቡዕ ግን ከሬዲዮው የሚሰማው ጩኸት ብቻ ሆነ። ሰውየው ደጋግሞ ሞከረ፤ መልስ የለም። ዝምታው ሲረዝምበት ጉዳዩን ለባለሥልጣናት አሳወቀ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ መርማሪዎች፣ ጠበቆችና ዐቃብያነ ሕግ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ምስክር ግን ይህ ሬዲዮ ይዞ የተቀመጠ ወዳጅ ነው። ሁለት ሰዎች ከዓለም ጠፍተው ሳሉ መጥፋታቸውን ቀድሞ ያወቀው እርሱ ነበር፤ ያወቀውም ቀጠሮ ስለነበራቸው ነው።

ፓልሚራ አንድ ደሴት ናት ይባል እንጂ በላጉን ዙሪያ፣ ማለትም ኮራል በከበበው የረጋ ውኃ ዙሪያ፣ የተደረደሩ ብዙ ትናንሽ የኮራል ደሴቶች ስብስብ ናት። ስሟን ያገኘችው በ1802 እዚያ ከደረሰች ፓልሚራ ከምትባል የአሜሪካ መርከብ ነው። በ1862 የሃዋይ መንግሥት የራሱ አደረጋት፤ በ1898 ከሃዋይ ጋር ወደ አሜሪካ ተጠቃለለች። በ1922 አንድ የሆኖሉሉ ቤተሰብ ገዛት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈረባት። ከላጉኑ ወደ ውቅያኖሱ የሚያወጣ መተላለፊያ ቆፈረ፣ ደሴቶቹን በመንገድ አገናኘ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራ፣ የመድፍ ምሽግና መጋዘን አቆመ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሁሉን ጥሎ ሄደ። ቤተሰቡም ንብረቴ ነው ብሎ ተከራክሮ በ1947 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት። ሃዋይ በ1959 የአሜሪካ ግዛት ስትሆን ፓልሚራ ከካርታው ውጭ ተተወች። ስለዚህ እስከ ዛሬ የየትኛውም ግዛት አካል አይደለችም፤ በቀጥታ የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ ይገዛታል። ይህ ደረቅ የሚመስል ዝርዝር ኋላ ፍርድ ቤት ሲደረስ ትልቅ ቁም ነገር ሆኗል።

ፎቶግራፏን ያየ ሁሉ ገነት ይላታል። ነጭ አሸዋ፣ ያዘመመ የኮኮነት ዛፍ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ውኃ አላት። ኖሮ ለሚያያት ግን ሌላ ናት። በዓመት ከአራት ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድባታል፤ ብረቱ ይዝጋል፣ ልብስ ይሻግታል። ላጉኑ ውስጥ ሻርኮች ይዞራሉ። ዓሣው ብዙ ቢሆንም የሚበላውን ከማይበላው መለየት ከባድ ነው። በኮራሉ ላይ ከሚበቅል በዓይን ከማይታይ አልጌ የሚመነጨው መርዝ ወደ ትናንሽ ዓሦች፣ ከእነርሱም ወደ ትልልቆቹ ይተላለፋል፤ ቢቀቅሉት ቢጠብሱት አይጠፋም። ስለዚህ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ስንቁን ይዞ መምጣት አለበት። ስንቅ ያለውና ስንቅ የሌለው በአንድ ጠባብ ደሴት ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚመጣ መገመት አያስቸግርም።

በዚያ ክረምት ሁለት ጀልባዎች በቀናት ልዩነት እዚያ ተገናኙ። ቀድማ በጁን መጨረሻ የደረሰችው አዮላ የምትባል ውኃ የምታስገባ አሮጌ ጀልባ ነበረች። የተሳፈሩባት አንድ ወንድና ፍቅረኛው ናቸው። ሰውየው ሃዋይ ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ሽያጭ ክስ የሚፈለግ፣ በሐሰት ስም የሚንቀሳቀስ ሽሽተኛ ነበር። ሁለተኛዋ ሲ ዊንድ ትባላለች፤ በጁላይ መጀመሪያ ከካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ የተነሡትን ባልና ሚስት ይዛ ገባች። ሲ ዊንድ የባልየው ኩራት ነበረች። ሁለት ምሰሶ ያላት፣ ከእንጨት የተሠራች፣ በየቀኑ የምትወለወል ጀልባ ናት። ከሚስቱ ጋር ዓለምን ዞረውባታል። ውስጧ የተሟላ የመሣሪያ ክፍል፣ ለብዙ ወራት የሚበቃ ምግብና ያ ሬዲዮ ነበራት።

ባልየው ብቸኝነትን ፈልጎ መጣ። ሚስቲቱ ቦታውን አልወደደችውም፤ በዚያ ሰሞን በደሴቷ ያለፉ ጀልበኞች ኋላ ስለ ስጋቷ መስክረዋል። ጁላይ ላይ ሌሎች ጀልባዎች እየመጡ ይሄዱ ስለነበር ቢያንስ ጎረቤት ነበራት። የአዮላ ሰዎች ግን ስንቃቸው እያለቀ፣ ኮኮነትና ሸርጣን መብላት ጀምረው ነበር። ምግብ ወደሚገኝበት ወደ ፋኒንግ ደሴት እንዳይሄዱ ጉዞው በነፋስ አንጻር ነው፤ አዮላ ደግሞ ለዚያ የምትሆን አልነበረችም። በኦገስት አጋማሽ የመጨረሻው እንግዳ ጀልባ ሲወጣ ፓልሚራ ላይ የቀሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ የጠገቡ፣ ሁለቱ የተራቡ። ከዚያ ቀን በኋላ በደሴቷ ላይ የሆነውን በዓይኑ አይቶ የተረፈ ሌላ ሰው የለም።

አዲስ አበባ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት በዚያ የመስከረም መባቻ ሰሞን፣ ሲ ዊንድ ከላጉኑ ወጥታ ወደ ሰሜን ቀዘፈች። በላይዋ ያሉት ግን ባለቤቶቿ አልነበሩም።

ኦክቶበር ላይ ሆኖሉሉ አላ ዋይ ወደብ የገባች አንዲት የሸራ ጀልባ የጀልበኞችን ዓይን ሳበች። ቀለሟ ተቀይሯል፤ ስሟም ሌላ ነው። ጀልባ የሚያውቅ ሰው ግን አቋሟን አይስትም፣ ልክ ገበሬ የጎረቤቱን በሬ ከሩቅ በአረማመዱ እንደሚለየው። ሲ ዊንድን በቅርብ የሚያውቋት ሰዎች ለባሕር ጠረፍ ጥበቃ ተናገሩ፤ ኤፍ.ቢ.አይም መጣ። የአዮላዋ ሴትዮ በኦክቶበር መጨረሻ ተያዘች። ሰውየው ለጊዜው አመለጠ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን በሌላ የሃዋይ ደሴት ተገኘ።

ባለቤቶቹ የት ገቡ ለሚለው ጥያቄ ሴትዮዋ መልስ ነበራት። ባልና ሚስቱ ኦገስት 30 እራት ጋብዘውን ነበር አለች። ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው ሳይመለሱ ቀሩ፤ በማግሥቱ በአየር የምትነፋው የጎማ ጀልባቸው ላጉኑ ዳር ተገልብጣ ተገኘች። ሰጥመው ወይም ሻርክ በልቷቸው ይሆናል። አዮላ ደግሞ ስንወጣ ኮራሉ ላይ ተሰክታ ቀረች፤ ስለዚህ ሲ ዊንድን ይዘን መጣን።

መርማሪዎች ፓልሚራ ሄደው ፈለጉ። የሚያዝ ነገር አላገኙም። አስከሬን የሌለበት የግድያ ክስ ፈጽሞ አይቻልም ባይባልም፣ ሞታቸውን እንኳ በእርግጠኝነት መናገር በማይቻልበት ቦታ ክሱን የሚሸከም ዐቃቤ ሕግ አይገኝም። በ1975 ሁለቱም የተፈረደባቸው ጀልባ በመስረቅ ነው። ለሁለት ሰው መጥፋት የተገኘው ፍትሕ ይህ ብቻ ነበር። የጠፉት ሰዎች ቤተሰቦች በእነዚያ ዓመታት የኖሩበትን ኑሮ ሳስብ ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። ሐዘን ለመቀመጥ እንኳ ሰው መሞቱ መታወቅ አለበት፤ ያ እንኳ አልተሰጣቸውም።

አንድ ነገር ግን ብቅ አለ። ታጥቦ በወጣ አንድ ፎቶግራፍ ላይ አዮላ ሸራዋን ዘርግታ በሰፊው ባሕር ላይ ትታያለች፤ ፎቶው የተነሣው ከሌላ ጀልባ ላይ ነው። ኮራል ላይ ተሰክታ ቀረች የተባለችው ጀልባ ማለት ነው። አዮላን አውጥተው ራሳቸው እንዳሰጠሟት ኋላ ታመነ። ዋሹ ማለት ገደሉ ማለት አይደለም፤ ነገሩ ግን እንደተነገረው እንዳልነበረ ከዚያ ወዲያ የሚጠራጠር አልነበረም።

ዓመታት አለፉ። ሰውየው በ1979 ከእስር ቤት አምልጦ ጠፋ። ፓልሚራም እንደ ቀድሞው ለወፎችና ለሸርጣኖች ቀረች።

በጃንዋሪ 1981 ከባሏ ጋር በጀልባ ዓለምን የምትዞር አንዲት ደቡብ አፍሪካዊት ፓልሚራ ላይ አረፈች። ስለ ጠፉት ሰዎች ወሬው ደርሷት ነበር። አንድ ቀን በላጉኑ ዳርቻ ስትሄድ በኮራሉ ጠጠር መካከል አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ዓይኗን ሳበው። ጠጋ ብላ ስታይ የወርቅ ጥርስ ነው፤ ጥርሱም በሰው የራስ ቅል ላይ ነው። በአጠገቡ ሌሎች አጥንቶች ነበሩ። ከአጥንቶቹ ጎን ክዳኑ የተከፈተ የአልሙኒየም ሣጥን ተቀምጧል፤ አንዲት ትንሽ የሴት የእጅ ሰዓትም ተገኘች። ክዳኑ ታስሮበት የነበረው ሽቦም ነበረ።

ይህች ሴት ያደረገችው ነገር ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ሰው በሌለበት ደሴት፣ ስልክ በሌለበት፣ ጉዞዋን ልትቀጥል በተዘጋጀችበት ሰዓት የማታውቀውን ሰው አጥንት አይታ ማለፍ ትችል ነበር። ሰበሰበች፣ ጠበቀች፣ አሳወቀች። ኋላም ከዓለም ዳር መጥታ በፍርድ ቤት ቆማ መሰከረች።

አጥንቱ ወደ አሜሪካ ሲሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ የማን ነው የሚለው ነበር። የጥርስ የላይኛው ሽፋን ከሰው አካል ሁሉ የጠነከረ ነው፤ ሥጋ ቢበሰብስ፣ አጥንት ቢሰባበር፣ ባሕር ቢያጥበው ይቆያል። የጥርስ ሐኪም የሞላውና የለበጠው ደግሞ በመዝገብ ይቀመጣል። ከሚስቲቱ የጥርስ ሕክምና መዝገብ ጋር ሲያስተያዩት ገጠመ። ለስድስት ዓመት ከመንፈቅ የጠፋችው ሴት ተገኘች።

ሁለተኛው ጥያቄ እንዴት ሞተች የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሣጥኑ መናገር ጀመረ። ባሕር ኃይሉ ጥሎት በሄደ አሮጌ የነፍስ አድን ጀልባ ላይ እንዲህ ዓይነት ሣጥኖች ተገጥመው ነበር፤ ይህኛውም ከእነርሱ አንዱ ነው። በውስጡ የእሳት ምልክት ተገኘበት፤ የኤፍ.ቢ.አይ የብረታ ብረት ባለሙያ አልሙኒየሙ በኃይለኛ ሙቀት መጎዳቱን አረጋገጠ። የራስ ቅሉም ላይ የቃጠሎ ምልክት ነበረ። ዐቃቤ ሕግ ነገሩን እንዲህ አያያዘው፦ ሴቲቱ ተገደለች፣ ተቃጠለች፣ ሣጥን ውስጥ ተከትታ ክዳኑ በሽቦ ታስሮ ወደ ላጉኑ ተጣለች። ዓመታት ሲያልፉ ሣጥኑ ከውኃው ወጥቶ ዳር ደረሰ፤ ክዳኑ ተከፍቶም የያዘውን አሸዋው ላይ ዘረገፈ። በውኃ የሰጠመ ወይም ሻርክ የበላው ሰው ራሱን አቃጥሎ ሣጥን ውስጥ ገብቶ በሽቦ አይታሰርም። የአደጋው ታሪክ በዚህ ፈረሰ።

ያመለጠው ሰውም በዚያው በ1981 አሪዞና ውስጥ ተያዘ። ፓልሚራ የፌዴራሉ መንግሥት ይዞታ ስለሆነች ክሱ በፌዴራል ፍርድ ቤት ታየ፤ ሃዋይ ውስጥ ወሬው እጅግ ስለተሰራጨ ችሎቱ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛወረ። ሁለቱ ለየብቻ ቀረቡ። ሰውየው በ1985 በሚስቲቱ ግድያ ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ሴትዮዋ በ1986 ስትቀርብ የቆሙላት ጠበቆች ሊዮናርድ ዋይንግላስና የነፍሰ ገዳይ ቡድን መሪውን ቻርልስ ማንሰንን ከስሶ ያስፈረደበት ቪንሰንት ቡግሊዮሲ ነበሩ። ቡግሊዮሲ ክርክሩን የመሠረተው ሰውየው ግድያውን ከእርሷ ሰውሮ ነው የፈጸመው በሚል ነው። ስለ አዮላ ዋሽታለች፣ ጀልባውን ሰርቃለች፤ ይህን አልካደም። የሕዝብ ዳኞቹ ከግድያው ነጻ አሏት። ቡግሊዮሲ በ1991 ስለ ጉዳዩ የጻፈው መጽሐፍ በሰፊው ተነበበ።

በዚህ ፍርድ ላይ እስከ ዛሬ ሰው ይከራከራል። እኔ የሕዝብ ዳኞቹን አልወቅስም። ያለ ጥርጥር ካልተረጋገጠ አይፈረድም የሚለው ሕግ የሚያስፈልገው ጥርጣሬው በከበደበት በዚህ ዓይነት ቦታ ነው። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ባሉበት ጀልባ ላይ፣ የሌላ ሰው አልጋ ላይ ተኝተው፣ የሌላ ሰው ምግብ እየበሉ በባሕር ሲጓዙ፣ ባለቤቶቹ የት ገቡ የሚለውን ጥያቄ ደጋግሞ አለመጠየቅም የሚያስጠይቅ ነገር ነው። ይህ በሕግ ባይያዝም ከኅሊና አያመልጥም።

ሰውየው ከብዙ ዓመት እስር በኋላ በ2007 በአመክሮ ወጥቶ በ2010 ሞተ። ፓልሚራን በ2000 አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ገዛት፤ በ2001 የዱር እንስሳት መጠለያ ተብላ ተከለለች። በጦርነቱ ጊዜ ከመርከብ ወርደው የተባዙት አይጦች በ2011 እንዲጠፉ ተደረገ፤ ዛሬ የሚያርፉባት በፈቃድ የሚሄዱ ተመራማሪዎችና ጥቂት ጎብኚዎች ናቸው።

ባልየው አልተገኘም። እርሱም በሌላ እንዲያ ባለ ሣጥን ውስጥ ላጉኑ ሥር ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት ስላለ ተፈልጎ ነበር፤ ሣጥንም አጥንትም አልወጣም። ክሱ የተመሠረተው በተገኘው አስከሬን፣ በሚስቲቱ ሞት ብቻ ነው። በባሏ ሞት በፍርድ ቤት የተከሰሰ ሰው የለም።