የቤንዚን ሽታ ስንት ብር ያስቀንሳል?

ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ የቤንዚን መኪና ፈላጊ እዚሁ የቆየውን አሮጌ እያማረጠ ነው። ውስጡ የሚሸት ሲያጋጥም ሻጭ «ትናንት ስለሞላሁ ነው» ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን መቼ እንደሚሸት ይታይ። ታንኩ ሲሞላ ሸትቶ ሲጎድል የሚጠፋ ከሆነ የሚጠረጠረው የመሙያው ቱቦ ወይም፣ በብዙ ቶዮታዎች ከኋላ ወንበር ሥር የሚገኘው፣ የፓምፑ ማሸጊያ ጎማ ነው። ጎማው ርካሽ ቢሆንም ብልጥ ገዥ ዋጋ ያስቀንስበታል።

ሞተር ሲነሣ ከፊት በአየር ማስገቢያው የሚመጣው ሽታ ግን ሌላ ነው። ከኮፈኑ ሥር የተሰነጠቀ ቱቦ ትኩስ ሞተር ላይ ካንጠባጠበ እሳት ያስነሣል፤ ሳይጠገን ለሙከራም አይነዳም። ሽቶ የበዛበት ከሆነ ደግሞ ቀብድ ሳይከፈል መስኮቱን ዘግቶ ጥቂት ሰዓት ማቆየትና እንደገና ማሽተት ነው።