በጓሳ አጠገብ የሚሠሩ አዳዲስ ቤቶችና የነጋዴው ድርሻ

በመንዝ ደጋ የሚገኘው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፣ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ምድር ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ስሙን ያወጣለት የጓሳ ሣር ነው፤ ይኸውም ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚያገለግል የገበያ ዕቃ ነው።

የአገሩ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ሥፍራውን ለተወሰኑ ዓመታት እየዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ እየከፈተ ሲጠቀም ኖሯል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ሣሩም ያለጊዜው መታጨድ ጀመረ። ኋላ ማኅበረሰቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መለሰ።

ዛሬ በዙሪያው አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሁለት ነገር ይገጥመዋል። የጓሳ ክዳን ሙቀት ይይዛል፤ ዳሩ ግን ሁሉም በየዓመቱ ቢያጭድ ሣሩ አይበቃም። ቆርቆሮ ሣሩን ከማጭድ ያድናል፤ ነገር ግን ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ቤቱን ያቀዘቅዛል፣ ብልጭታውም ከሩቅ ይታያል። የሚበጀው እንደ ቀድሞው በድንጋይና በጭቃ ወፍራም ግድግዳ ማቆም፣ ቆርቆሮውን መሬት በሚመስል ደብዛዛ ቀለም መምረጥና ከሥሩ ኮርኒስ ማስገባት ነው። ለማገሩም ከዱር አስታ ይልቅ የተተከለ ባሕር ዛፍ ይመረጣል።

የቦታውም ምርጫ ከዕቃው አያንስም። ቤት ወደ ጥብቁ ሥፍራ በተጠጋ ቁጥር ውሻ አብሮ ይጠጋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ እየተላለፈ መንጋውን ይጨርሳል። ስለዚህ አዲሱ ቤት ከነባሩ መንደር ተጠግቶ፣ ከምንጭም ርቆ ቢሠራ ይመረጣል።

በመሐል ሜዳም ሆነ በዘመሮ ሱቅ ያለው ነጋዴ በዚህ ድርሻ አለው። ገዢ የሚገዛው በመደርደሪያ ያገኘውን ነውና፣ ደብዛዛ ቀለም ያለውን ቆርቆሮና የኮርኒስ ዕቃ አስመጪው ቢያቀርብ፣ ባለሱቁም ለገዢው ጥቅሙን ቢያስረዳ፣ ሽያጭም ጥበቃም አብረው ይሄዳሉ። የጓሳ ሣር የሚነግድም ሸክሙን ከመግዛቱ በፊት ሥፍራው ተከፍቶ የታጨደ መሆኑን ይጠይቅ። ያለጊዜው የታጨደ ሣር ዛሬ ቢረክስ፣ ነገ ከገበያው ይጠፋል።